ሸህ ሷሊህ ያልጠየቁት ጥያቄ

ስሟን መጥራት በማያስፈልግ አንዲት የቆየች ከተማ፣ የድንጋይ ቤቶቿ ተዳፋት ላይ በተደረደሩባት፣ ሸህ ሷሊህ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ሰላሳ ዓመት ኪታብ አቅርተዋል፣ አስተምረዋል። ሰኞና ሐሙስን ሳይጾሙ ያለፉበት ሳምንት አይታወቅም። የየቲም፣ የወላጅ አልባ ልጅ ሐቅ የበላ ሰው በደጃፋቸው ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ነበር ይባላል። ይህን የማነሳው ላወድሳቸው ብቻ ብዬ አይደለም። ደግ ሰውም ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል እንዲታወቅ ነው።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። ሴት ስለ ዲኗ መጠየቅ ስትፈልግ ሸሁ ፊት አትቀርብም። ጥያቄዋን ለባለቤታቸው ለዘምዘም ትነግራለች። ዘምዘም ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሸሁ አረፍ ሲሉ ጠብቃ፣ «አንዲት ሴት እንዲህ ትላለች» ብላ ታቀርባለች። ስም አይነሳም። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ልማዱ ሐያእን፣ እፍረትን ለመጠበቅ የተበጀ ስለሆነ ማንም ነውር አላየበትም። ግን ጥያቄ በሰው አፍ ሲሄድ ይጎድላል።

ሉባባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ሀምሳን የተጠጋ። ከታችኛው ምንጭ በእንስራ ቀድታ ሰው ለሶላት የሚታጠብበትን የመስጊዱን የውዱእ ጋን የምትሞላው እሷ ናት፤ አጅሩን፣ የአላህን ምንዳ ብላ እንጂ ማንም አላዘዛትም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ገላዋ ያስቸግራት ጀመር። የወር አበባዋ ሦስት ወር ጠፍቶ ይቆይና ድንገት መጥቶ አስራ አምስት ቀን ይቀመጣል። በዚህ የተነሳ በሁለት ረመዷን ብዙ ቀን ሳትጾም አፈጠረች። ያመለጧትን ቀናት ማካካሻ ጾም፣ ቀዳውን፣ ሰኞና ሐሙስን እየጾመች ለማውጣት ኒያ አደረገች።

ጾሙ እንደ ድሮው አልሆነላትም። ረፋድ ላይ ከደረቷ የሚነሳ እሳት እስከ ጆሮዋ ይወጣል። ላብ ያጠምቃታል፣ ወዲያው ደግሞ ብርድ ያንዘፈዝፋታል። ልቧ ይደልቃል፣ ዓይኗ ይጨልማል፣ እንቅልፍም ከራቃት ሰንብቷል። ሌሊት፣ ሱሑር ላይ የአብሽ ውሃ ጠጣች፤ የገብስ ገንፎ በላች፤ ቀን ራሷን በእርጥብ ነጠላ አሰረች። ጥቂት ይቀልላትና ተመልሶ ይመጣል።

ምንጩ ዳር ሴቶቹ፣ «ሉባባ፣ ፊትሽ በርበሬ መስሏል» ሲሏት፣

«ክረምት ሲገባ ከኔ ጎን ተኙ፤ ጋቢ አያሻችሁም» ትላቸዋለች።

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። እንስራውን ለማዘል ግን ሁለት ሰው ያግዛት ጀመር።

በመጨረሻ ዘምዘም ዘንድ ሄደች።

«እህቴ፣ ሸሁን ጠይቂልኝ። ቀዳዬን ቀኑ እስኪያጥር፣ አየሩ እስኪቀዘቅዝ ላቆየው? ደሙ ሲመጣ ጎርፍ ነው፤ ከሄደም በኋላ ጉልበት አይተውልኝም። ውስጤ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ራሴን ያዞረኛል። ይህን ሁሉ ንገሪልኝ።»

ዘምዘም ሁሉንም ሰማች። ባሏ ፊት ስትቀርብ ግን የደሙን ነገር ማንሳት አፈረች።

«አንዲት ሴት፣ ስጾም ይሞቀኛል፤ ቀዳዬን ላቆየው ወይ ትላለች» አለች።

ሸሁ ዓይናቸውን ከኪታቡ አላነሱም። «ሙቀቱ የሁላችን ነው። የጀሀነም እሳት ከዚህ ይብሳል። ሰብር ታድርግ፤ ከረመዷን በፊት ጨርሳ ታውጣው» አሉ።

ጥያቄው ጎድሎ ነበር የሄደው። መልሱ ግን አንድም ቃል ሳይጎድል ሉባባ ጋ ደረሰ።

«ጀሀነምን አነሱ?» አለች።

«አነሱ።»

«እንግዲያው ልቻለው።»

በሦስተኛው ሐሙስ እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ራሷን አዞራትና ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሰራት፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልቆመችም። ሰዉ «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ» አለ። ሸሁም ዱዓ አደረጉላት፤ ያቺ «አንዲት ሴት» እሷ መሆኗን አያውቁም ነበር።

ዓመት አለፈ። አንድ ሰኞ ዘምዘም ከባሏ ጋር እየጾመች ሳለ ሻሿን ከራሷ ገፍፋ ጣለችው። ፊቷ ቀልቷል፤ ላቡ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ሸሁ።

«ይሞቀኛል።»

ሸሁ ኪታቡን ዘጉ። «ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ራስሽን ያዞርሻል? ደሙስ እንዴት ነው?»

ለሁሉም መለሰችላቸው። በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ።

«አፍጥሪ። ይኼ ሱና ጾም ነው፤ ግዴታ አይደለም። ቀዳ ቢሆንም ለታመመ ሰው ጊዜ ተሰጥቶታል። አላህ ጾምን የደነገገው ባሪያውን ሊያሰቃይበት አይደለም።»

ዘምዘም ጣሳውን ተቀበለች እንጂ አልጠጣችም።

«ለሉባባ ከነዚህ አንዱን እንኳ አልጠየቁም» አለች።

«ለየትኛዋ ሉባባ?»

«ስትጾም ይሞቃታል ላልኩዎት። ጀሀነምን ላነሱላት። የደሙን ነገር እኔ አፍሬ ዋጥኩት፤ ወንጀሉን ከርስዎ ጋር እካፈላለሁ። አሁን እኔን ሲጠይቁኝ ግን እርስዎ አላፈሩም።»

ሸሁ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ሉባባ ከበራፏ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ለመነሳት ምርኩዟን ስትፈልግ በእጃቸው ከለከሏት።

«የወደቅሽው በኔ መልስ ነው። አውፍ በይኝ» አሉ።

«አውፍ ብያለሁ» አለች። ጥቂት ምስር ለቅማ ቀጠለች፤ «እግሬን ግን ራስዎ ይጠይቁት፤ በሱ ፈንታ መመለስ አልችልም።»

ሸሁ ነገሩን በሰው ፊት እናገራለሁ ብለው ተመለሱ።

ነገሩን በጁምዓ ሊናገሩ መሆኑ ሲሰማ የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ጡሀ መጡ።

«ሸሁ፣ ሚንበር ላይ አያውጡት። ዓሊም ተሳሳትኩ ካለ ነገ ማን ይሰማል? እህል ይላኩላት፣ ይበቃል።»

«እህሉን እልካለሁ» አሉ ሸሁ። «ፈትዋው ግን ከአፌ ነው የወጣው። እህል አይመልሰውም።»

ጁምዓ ደረሰ። ስሟን ሳይጠሩ ሁሉንም ተናገሩ፤ ሰዉ ግን ማን እንደሆነች ያውቃል። ገላዋ የከዳት ሴት አፍጥራ፣ አቅም ስታገኝ ቀዳ እንድታወጣ ተናገሩ። ሴቶችም ከዚያ ወዲያ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው በገዛ አፋቸው እንዲጠይቋቸው ፈቀዱ። በዚያ ዓመት ግን አንዲትም ደፍራ አልመጣች። የዚያን ጁምዓ ንግግራቸውን ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

«ለቤቱ የጠየቀውን ለሰው ቤት ያልጠየቀ ዓሊም፣ ኪታብ አንብቧል፤ ሰው ግን አላነበበም።»

ይህ ታሪክ በየመውሊዱ ሲነገር ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ የሸሁ እውነተኝነት ይወደሳል፤ ውዳሴውም ይገባቸዋል። ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሽማግሌ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ተሳሳትኩ» ማለቱ ቀላል አይደለም። የሉባባ ዳሌ ግን ከታሪኩ ውስጥ እየወጣ ሄዷል። አሁን አሁን «አንዲት ሴት ተጎዳች» ብለው ያልፉታል።

የሸሁ ቃል ለዓሊም ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው፤ የታገሰ ሰው አጅሩ አይጠፋም። ነገር ግን በራሳችን ገላ ላይ የምናውቀው ሰብርና በሌላ ሰው ላይ የምናዘው ሰብር አንድ አይደሉም። እናቶቻችን በዚያ ዕድሜ ሲጾሙ ላባቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ «ደህና ነኝ» ይሉናል። እኛም ደህና ነኝ ያለችውን ሰምተን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ከመቼ ጀምሮ ብሎ መጠየቅ ምላስ አይሰብርም። ሳይጠይቁ «ቻይው» ማለት ግን ምን እንደሚሰብር አይተናል።

ሸሁም ሉባባም ዛሬ አፈር ለብሰዋል። አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው። እኔ ዱዓ ሳደርግ የእሷን ስም አስቀድማለሁ።