የትርንጎ ሱቅ ምስክሮች

በእኛ የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ አንዱ ያወጣውን ፈተና ለወዳጆቹ አሳይቶ ሁሉም «እሰይ፣ ግሩም ነው!» ካሉት፣ ከጥግ በኩል አንድ አባባል ይወረወራል። ሳቅ ይሆናል፤ ፈተናውም እንደገና ይታያል። አዲስ የሚመጡ መምህራን አባባሏ ከጥንት የወረደች ይመስላቸዋል። የለም፣ ታሪክ አላት። ባለታሪኳም ከእኔ አጠገብ የምትቀመጠው የኬሚስትሪ መምህርት ትርንጎ ናት። ሌላው ሳያበላሸው እኔው ልንገራችሁ።

ትርንጎ ቀን ከእኛ ጋር፣ ማታ ደግሞ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ስትገባ ልጇ ተኝታለች፤ ስትወጣ አልነቃችም። «ልጄ ድምፄን የምታውቀው በስልክ ነው» ብላ አንድ ቀን እዚሁ ክፍል ውስጥ አልቅሳለች።

ታዲያ በዚያ ክረምት፣ መምህራን የትምህርት መርጃ የሚሸጡበት ገበያ ኢንተርኔት ላይ መኖሩን ሰማች። የእኛ ቤተ ሙከራ ኬሚካል ካየ ቆይቷል፤ እሷ በሎሚ፣ በአመድና በቀይ ሥር ጭማቂ ስታስተምር ነው የኖረችው። ያንን ሁሉ ከሥዕሉና ከመልመጃው ጋር አሰናድታ «ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት» ብላ ሱቅ ከፈተች። እስከዚህ ደግ። ጥፋቷ ሱቁን በከፈተች ማግስት የማታውን ሥራ መልቀቋ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገራት?

ገዢ ጠፋ። በየእረፍቱ ስልኳን ታያለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። ቀለል እንዲላት ብዬ «ኧረ ስልኩ እንኳ ይረፍ» ብላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ገዢ ካልመጣ መመለሻ የለኝም። የማታውን ቦታዬን ለሌላ ሰጥተውታል።»

ቀልዴን ትቼ ሻይ ቀዳሁላት።

በገበያው ደንብ የገዛ ሰው ከሥር አስተያየቱን ይጽፋል፣ እስከ አምስት ኮከብም ይሰጣል። የገዛ ይጻፍ ይላል እንጂ ያልገዛውን የሚከለክል አልነበረም። የትርንጎ ሱቅ ሥር ባዶ ነው። «ባዶ ሱቅ ማን ይገባል?» አለችና ለዘመዶቿ ደወለች።

ዘመድ ለምስክርነት ሲጠራ መቼ ይለግማል! ምርቃቱ ጎረፈ። ምስርና ባቄላ የሚነግዱት አክስቷ እትዬ አስካለ «እጅሽ ይባረክ! ጥርት ያለ፣ ጠጠር የሌለበት ነው» ብለው አስጻፉ። ዕድሜያቸውን በሽምግልና የጨረሱት አጎቷ ጋሽ ከልካይ ደግሞ ሸንጎ ፊት እንደቆመ ሰው ጀመሩ፤ «እኔ የእናቷ ታናሽ ወንድም ስሆን፣ ትርንጎን ከጡት ጀምሮ አውቃታለሁ። ውሸት አታውቅም።» አምስት ኮከብ። ምስክር ማንነቱን ሳይናገር አይመሰክርም ብለው ነዋ!

እኛ ሳቅን። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የታሪክ መምህር፣ ጋሽ ወንድይፍራው ግን አልሳቁም። «ከእነዚህ ውስጥ የገዛ ሰው የለም?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

የገዛው በኋላ መጣ፤ ከጂንካ፣ ኢሳያስ የሚባል መምህር። ሁለት ኮከብ። «ቀይ ሥሩ በአመድ ውሃ ቢጫ ይሆናል ይላል። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ሞከርኩት፤ ቀይ እንደሆነ ቀረ። አፈርኩ።»

ትርንጎ ፊቷ አመድ መሰለ። «ይሄ ሰው ሊያጠፋኝ ነው!» ብላ ለአጎቷ ደወለች። ጋሽ ከልካይ ምን ይጠብቃሉ? «አንተ መምህር ተብዬ፣ ቀይ ሥር መቀቀል ሳታውቅ ልጃችንን አትንካ!» ብለው ጻፉበት። የቀረው ዘመድም ተከትሎ ወረደበት።

በማግስቱ ከገበያው አስተዳዳሪዎች መልእክት ደረሰ፤ አስተያየት ሰጪዎችሽ ዘመድ መሆናቸውን ራሳቸው ጽፈዋል፤ በእርግጥ የገዛ አንድ ሰው እስኪመሰክርልሽ ሱቁ ተዘግቷል።

ስልኩን አምጥታ አሳየችኝ። «የገዛው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱንም ሰድበነዋል።»

ጋሽ ወንድይፍራው ወንበራቸውን ሳቡና «ልጄ፣ ሰውየው የተናገረው እውነት ነው ሐሰት?» አሏት።

«ለእኔ ሁልጊዜ ይሠራልኛል!»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። እስቲ እጅሽ እንደለመደው ሳይሆን እንደጻፍሽው ሥሪው።»

አመድ ከሻይ ቤቱ፣ ቀይ ሥር ከጉልት አመጣን። እኔ ወረቀቱን አነበብኩ፣ እሷ ሠራች። «የአመድ ውሃ ጨምሩ» ይላል፤ ጨመረች። ጭማቂው ቀይ። ደገመች፤ አሁንም ቀይ። ያን ጊዜ ጭንቅላቷን ያዘች። ለካ እሷ አመዱን አብዝታ፣ ውሃውን አሳንሳ፣ አሳድራና አጥልላ ነው የምትሠራው። ዓመታት ስለለመደችው መጻፉን ረስታዋለች። እንደዚያ አድርገን አሳድረን ብንሞክረው ቢጫ ሆነ።

የዘመዶቿን ጽሑፍ አንድ በአንድ አስጠፋች። ወረቀቱን አረመች፤ የበረታው የአመድ ውሃ ቆዳ ስለሚያቃጥል ማስጠንቀቂያም ጨመረችበት። ለኢሳያስም «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። የተሰደብከው በእኔ ምክንያት ነው፤ ይቅር በለኝ። የታረመው ይኸው» ብላ ላከች።

መልስ የለም። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፤ መልስ የለም። ልጇ «እማ፣ ዛሬም ማታ አትሄጂም?» ብላ በደስታ ስትጠይቃት «አልሄድም» ትላትና ተመልሳ ስልኳን ታያለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሷ ጋር መቀመጥ ፈራሁ። ሥራ ፈልጉልኝ ብትለን ምን እንላታለን?

ሰውየው ግን አኩርፎ አልነበረም፤ የታረመውን ለመሞከር ቀይ ሥር ገበያ እስኪወጣ ሲጠብቅ ነበር። ለአስተዳዳሪዎቹ መሰከረላት፤ ከሱቁም ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «የገዛሁት አልሠራ ብሎኝ ወቅሼ ነበር። መምህርቷ ስህተቷን አምና አረመችው። አሁን ይሠራል፤ ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። የፊቱን ወቀሳዬንም አላጠፋሁትም፤ ይነበብ።»

ሱቁ ተከፈተ። ከአሶሳ አንድ፣ ከወልዲያ ሁለት እያለ ገዢ መምጣት ጀመረ። አንዷማ «ወቀሳውንና እርማቱን አንብቤ አመንኩሽ» ብላ ጽፋለች። ትርንጎ ይህን ለእኛ እያነበበች እንባዋን ስትጠርግ ስልኳ ጮኸ፤ ጋሽ ከልካይ ናቸው፤ ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማል።

«ተከፈተ አሉኝ! በይ አሁን ደግሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አሰልፌ ላስመስክርልሽ?»

ትርንጎ ደንግጣ ወደ እኛ ስትዞር፣ ጋሽ ወንድይፍራው ስልኩን ከእጇ ተቀበሉና «ተዉ እባክዎ፣ የዘመድ ምርቃት ሱቅ ያስዘጋል፣ የገዢ ወቀሳ ገበያ ያመጣል!» አሏቸው።