የወይዘሮ ትርንጎ የጡት ልጅ

በአንድ ዓመት መስከረም፣ ደጀን ከተማ ውስጥ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው የጡት ልጅ ለመያዝ ሽማግሌ ጠሩ። ልጅ አልወለዱም። ግራ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። በአገሩ ልማድ የጡት ልጅ የሚሆነው ሰው ጡት ላይ የተቀባ ማር በሽማግሌ ፊት ይቀምሳል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ወለዱት ነው፤ ይጦራል፣ ይቀብራል።

«አንድ ብቻ ነው የምይዘው» አሉ። «የቀረኝም አንድ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ውጠው አቀረቀሩ። ልጅ መባል የሚገባው ግን ሦስት ሰው ነበር።

የመጀመሪያው የወንድማቸው ልጅ ስማቸው ነው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት የነገረው ለእሱ ብቻ ነው፤ በዚያ አገር ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። ወይዘሮ ትርንጎ ደግሞ ከጠበሉ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።

«ትንሽ እብጠት ናት፣ አክስቴ» አላቸው። «ጠበሉን በጀሪካን ይዘን እንሄዳለን።»

አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ኖሮ እንደማይተርፉ ሐኪሞቹ ኋላ ተናግረዋል።

ሁለተኛዋ ጎረቤታቸው ይታይሽ ናት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታዘዘው መድኃኒት የወይዘሮ ትርንጎን ጠጉር አረገፈው። የሰፈሩ ሴቶች የተላጨ ራስ ሲያዩ የሚያውቁት ሐዘንን ነው፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። ወይዘሮ ትርንጎ ለቅሶውን ሲሰሙ ለራሳቸው መሰላቸውና እህል አልቀምስ አሉ። ይታይሽ በርጩማ አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«ማን ሞቶ ነው?» አሏት ሴቶቹ።

«እስካሁን ማንም። ለማልቀስ የመጣ ይመለስ፤ አጥሚት የያዘ ይግባ።»

ባሏ «ቤትሽ የት ነው?» ቢላት፣ «አጥር ዘለህ ና» አለችው። ክረምቱን ሙሉ አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው። ጉልበታቸው ተመለሰ።

ሦስተኛዋ አስናቁ የሉማሜ ልጅ ናት፤ ያው በሽታ አለባት። አዲስ አበባ የመድኃኒት ተራ ሲጠብቁ ተዋወቁ። ወይዘሮ ትርንጎ «እብጠቷ ከወጣች ለምን እሠቃያለሁ?» ብለው ሊያቋርጡ ሲነሡ፣ ሌላው ያልደፈረውን ተናገረች።

«እብጠት አይደለም፣ እትዬ። ካንሰር ነው። እኔም አለብኝ።»

«ይገድላል?»

«ካቋረጡት። በሚቀጥለው ከሉማሜ ወንበር ይዤልዎት እመጣለሁ፤ ደጀን ላይ ይሳፈሩ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ሲያለቅሱ ሰነበቱ። በቀጠሮው ቀን ግን መንገድ ዳር ቆመው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀጠሮ አላለፋቸውም፤ አውቶቡሱ ዓባይን በወረደ ቁጥር አስናቁ አጠገባቸው ነበረች።

ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም። አንዱ «ስማቸው ባይዋሽ ሌሎቹ የሚረዱት ሰው ባልተገኘ» አለ። ሌላው «በባዶ ሆድ መድኃኒት ምን ይሠራል? ይታይሽ ናት» አለ። ሦስተኛው «እውነቱን ባይሰሙ ሕክምናውን ጥለውት ነበር» ብሎ ለአስናቁ ቆመ።

ማሩ ከመቅረቡ በፊት፣ ለምስክርነት የተጠራው የአስናቁ ወንድም ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ የሚረዳሽ መድኃኒት የለም» ብለው እህቱን ያሰናበቷት ሰኔ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በተሳፈረችበት ቀን ሁሉ ቀጠሮ አልነበራትም። ለወይዘሮ ትርንጎ «የእኔ ተራ ከሰዓት ነው» እያለች ደጅ ትጠብቃቸው ነበር።

አስናቁ አላስተባበለችም።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ወይዘሮ ትርንጎ ማንን «ልጄ» ይበሉ?