ደምለው ይቁምበት

አታምኑኝም። ዘንጌን ይዤ እምላለሁ፣ አንዳችሁም አታምኑኝም። ይህን የነገረኝ አያቴ ነው። አያቴ ሲዋሽ አንድ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሁለቱንም ጨፈነ። እንግዲህ ወይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ወይ ነገሩ እውነት ነው።

ድሮ ነው። ድሮ ራሱ ገና ጥርስ ባላበቀለበት ዘመን፣ እዚሁ ሾላ ገብ ደምለው የሚባል አህያ ነጂ ነበር። አጭር ነበር። አጭር ስላችሁ እንደ እናንተ አጭር እንዳይመስላችሁ! ጤፍ ማሳ ውስጥ ሲገባ ባርኔጣው ብቻ በማሳው ላይ ሲሄድ ይታያል። ዝናብ እንኳ ሰዉን ሁሉ አበስብሶ ሲያበቃ ነው እሱ ዘንድ የሚደርሰው። ደምለው ግን አይከፋውም። «እኔ ጋ እስኪደርስ ይሞቃል» ይል ነበር።

ደምለው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማንጠግቦሽን ማግባት። ማንጠግቦሽም ትፈልገዋለች። እንቢ ያሉት አባቷ ባላምባራስ ወንድይፍራው ናቸው። ሽማግሌ ቢላክ በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ መለሱት። እሳቸውን ከበቅሎ ወርደው ያየ የለም። ገበያ በበቅሎ፣ ለቅሶ በበቅሎ። ቅዳሴ እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ በቅሏቸው ላይ ሆነው ነው የሚሰሙት።

«ከአጥሬ በላይ አናቱ ለማይታይ ሰው ልጅ አልሰጥም» አሉ። «የሚታይ ሰው ሲሆን ይምጣ።»

በዚያ ሰሞን አቶ ቀለመወርቅ የሚባል ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ መጣ። ሦስት እግር ያለው ሣጥን አሸክሟል። የአገሩን ጥንታዊ ከተማና ተራራ ሁሉ አንስቶ ለሰው ሊያሳይ ተነሥቷል። አንድ ነገር ግን አንገት አስደፍቶታል። ከዚያ በፊት የጎንደርን ግንብ አንስቶ ቢያሳይ «ደኅና ጎተራ ነው» አሉት። የስሜንን ተራራ ቢያሳይ «ይህማ የምስጥ ኩይሳ ነው» አሉት። ምን ያድርጉ? አጠገቡ መለኪያ የሚሆን ሰው የለማ!

ታዲያ ገበያ መሐል ደምለውን ከአህያው ጎን ቆሞ አየው። አህያይቱ ዝሆን መሰለችው። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። አሁንም ዝሆን።

«አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ።

መሬት ላይ ተቀምጠው መንገዱን በዘንግ ጫሩት። ጎንደር እዚህ፣ ስሜን ከወዲያ፣ ሐረር ከማዶው ማዶ። የትኛው ግድግዳ ጠዋት እንደሚበራ፣ የትኛው ገደል ማታ እንደሚቀላ ተመካከሩ። በሁሉም ቦታ ደምለው ይቆማል።

«ፎቶው ላይ እታያለሁ?» አለ ደምለው።

«በሁሉም!»

«እንግዲያው ደሞዝ አልፈልግም። ስንመለስ ለባላምባራስ ያሳዩልኝ።»

መስቀል እንዳለፈ ተነሡ።

ጎንደር ደረሱ። ደምለው ከግንቡ ሥር ቆመ። ጋቢውን አጣፋ፣ ደረቱን ነፋ። አቶ ቀለመወርቅ ግንቡ አልገባለት ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። አሁንም ወደ ኋላ ሄደ፤ በራቀ ቁጥር ደምለው ያንሳል። «ጌታው፣ ምን በደልኩዎ?» ብሎ ደምለው ተጣራ። ቀስ ብሎም አንድ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ከድንጋዩ ውረድ!» አለ ፎቶ አንሺው።

ወረደ። ያን ጊዜ ግንቡ አደገ። እኔ አላልኩም፣ አያቴ ነው ያለው። የግንቡ ዘበኛ ቀና ብሎ «ኧረ ትናንት እንዲህ አልነበረም!» ሲል ቆቡ ወደቀበት።

ስሜን ደረሱ። ደምለው ማዶ ገደል አፋፍ ላይ እንዲቆም ተላከ። ሲሄድ ጢም የሌለው ነበር፣ ሲደርስ ጢም አብቅሏል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ። አውራው ጭላዳ ከደምለው መብለጡን ሲያይ ኮራ፤ ጎፈሩን በጣቱ አበጠረ። ደምለው ይህ አናደደውና ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ከድንጋዩ ውረድ!» አለ ፎቶ አንሺው፣ ድምፁም ገደል ለገደል እየዞረ ማታ ደረሰ።

ወረደ። ተራራውም አደገ። ጨረቃ ያን ዕለት ዙሪያ ጥምጥም ሄደች ይባላል።

ሐረር ደረሱ። ከጀጎል ግንብ ውስጥ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ልሂድ ቢል ጀርባው ግድግዳ ነካ። እንግዲህ ልብ በሉ! ደምለው ከነዓይኑ፣ ከነአፍንጫው፣ ከነጋቢው ጥለት ሊታይ የሚችለው እዚህ ብቻ ነው። ደስ አለው። ድንጋይም አልፈለገ።

ያን ጊዜ አንዲት እናት በራቸውን ከፍተው ወጡ።

«አንተ ልጅ!» አሉ። «መንገዳችን የተከበረችው በጥበቷ ነው። የተኳረፉ ሰዎች እዚህ ሲገናኙ ሳይተሻሹ አያልፉም። ሲተሻሹ ይስቃሉ፣ ሲስቁ ይታረቃሉ። አንተ ስትቆምባት የፈረስ መጋለቢያ መሰለች! አገር ሜዳ ናት ብሎ ቢቀር ማን ይታረቅባታል?»

ፎቶ አንሺው «ተወው፣ ቁም» አለው። ደምለው ግራ ግድግዳውን አየ፣ ቀኝ ግድግዳውን አየ። ማንጠግቦሽንም አሰበ። ከዚያ ወጣና ሐላዋ የሚባል ጣፋጭ የሚሸጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁን ይዞ አስገባ። ሰውዬው ሁለቱንም ግድግዳ ሞላ። መንገዲቱ ጠበበች። እናትዮዋ እልል አሉ።

ሾላ ገብ ተመለሱ። ፎቶዎቹ በባላምባራስ ግቢ ተዘረጉ። አገር ተሰበሰበ። «አቤት ግንብ!» አለ። «አቤት ገደል!» አለ። ባላምባራስ ከበቅሏቸው ላይ ጎንበስ ብለው ፈለጉ።

«ሰውየው የታለ?»

ደምለው በጣቱ አሳየ።

«ይህ? ይህማ ቁንጫ ነው! የሚታይ ሰው አምጡ አልኩ እንጂ ቁንጫ አምጡ አልኩ?»

ሰዉ ሳቀ። ማንጠግቦሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደምለው ፎቶዎቹን አቧራቸውን እያራገፈ ይሰበስብ ጀመር።

አቶ ቀለመወርቅ ነገሩን ለማብረድ «እስቲ ባላምባራስን ላንሳ» አለ። ባላምባራስ ደስ አላቸው። በቅሎይቱ ግን ያን ባለ ሦስት እግር ሣጥን ስታይ ደነገጠች። በኋላ እግሮቿ ቆመች፣ ዞረች፣ ጌታዋን ቁልቁል አንሸራታ ሄደች።

ባላምባራስ በእግራቸው ቆሙ።

አገር ቁልቁል ተመለከታቸው። ባላምባራስ እስከ በቅሏቸው ሆድ እንኳ አይደርሱም ነበርና! እሳቸውም መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ደምለው ማንም ሳይጠራው መጣ። ከጎናቸው ቆመ። አጠገቡ ድንጋይ ነበር፤ አልወጣበትም። ባላምባራስም አደጉ። ትከሻቸው ሰፋ፣ አንገታቸው ረዘመ፣ የጎንደርን ግንብ መሰሉ።

ወይዘሮ አስካል፣ ባለቤታቸው፣ ዝም ማለት አቃታቸው። ምን እንዳሉ እነግራችኋለሁ፣ ቆዩኝ። ዛሬ በሾላ ገብ እህል ተወቅቶ ሲከመር፣ ከመሰፈሩ በፊት የመንደሩ አጭር ሰው ተጠርቶ ከክምሩ ጎን የሚቆመው ለዚህ ነው። አዲስ ቤት ሲያልቅ «ደምለው ይቁምበት» የምንለው ለዚህ ነው። ክምሩ አይጨምርም፣ ዓይናችን ግን ይጠግባል። ደምለውና ማንጠግቦሽም በዚያው ጥር ተጋቡ፤ ባላምባራስ እንቢ እንዳይሉ አፋቸውን የያዘቻቸው የወይዘሮ አስካል ቃል ናት።

ወይዘሮ አስካል ባላቸውን አዩ፣ ደምለውን አዩ፣ የሸሸችውን በቅሎ አዩና እንዲህ አሉ፦

«ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በቅሎ ከሚቀልቡ፣ ምነው አማች ቀደም አድርገው በያዙ!»