አያ ጅቦ የስፖርት ዕቃ የመረጠበት ክረምት

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ወገቡን መለካት በጀመረበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ አያ ጅቦ እመት አህዮን ልብላ ብሎ አያ አንበሶ ዘንድ አቤት አለ። አቤቱታው አጭር ነበር። «ጌታዬ፣ አህያ የጅብ ናት። አያቴም በልቷታል፣ አባቴም በልቷታል። እኔ ላይ ሲደርስ ምን ተገኝቶ ነው የምትሸሸኝ?»

አያ አንበሶ የዚያን ቀን ጠግቦ ስለነበር ፍትሕ ለመስጠት ተመቸው። ሲርበው የሚሰጠው ፍርድ ሌላ ነው፤ እሱን አናነሣም። እመት አህዮን አስጠርቶ የሁለቱንም ቃል ሰማ። ጅቡ ሆዱን እየደባበሰ ብዙ ተናገረ። አህያዋ ጆሮዎቿን ጥላ፣ «እኔ ብዙ የምለው የለኝም ጌታዬ፤ መኖር ነው የምፈልገው» አለች።

«እንግዲያው በአገሩ ልማድ ይሁን» አለ አንበሳው። «ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስቀል ማግስት፣ ሁለታችሁም ከወንዙ ዳር ተነሥታችሁ እስከ ዳገቱ አናት፣ እስከ ዋርካው ድረስ ትሮጣላችሁ። እሷ አሥር እርምጃ ትቀድማለች። ከደረስክባት ብላት። ካልደረስክባት ግን አንተም ልጆችህም ዳግመኛ ቀና ብላችሁ እንዳታዩአት። እስከዚያው ድረስ የነካት ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ወሩ ሐምሌ ነበር። አያ ጅቦ ደስ ብሎት ወጣ፤ ደስታው የቆየው ግን ቤቱ እስኪደርስ ነው። ዋሻው ያለው እዚያው ዳገት አናት ላይ፣ ከዋርካው ሥር ነበርና ሲወጣ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። በአራተኛው መቀመጡም አልበቃው ብሎ ተኛ። ሚስቱ እመት ጅቢት ድምፅ ሰምታ ብትወጣ ከደጇ በታች ተዘርግቶ ያለከልካል።

«ምነው? ማን አባረረህ?» አለችው።

«ማንም አላባረረኝም። እየመጣሁ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

ነገሩን ሲያጫውታት አላዘነችለትም። «ዳገቱ ያለው ደጃችን ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወርደህ ውጣ። ከሁለት ወር በላይ ጊዜ አለህ» አለችው።

ምክሩ ጥሩ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ በነጻ መሆኑ። በነጻ የተገኘ ምክር የሚሰማ ጅብ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም፤ እኛም ብንሆን ያን ያህል አንሻልም። «አንቺ ዘመኑን አታውቂውም» አላት። «አሁን ትልልቆቹ ሁሉ ስፖርት የሚሠሩት ቤታቸው ሆነው ነው። ዕቃ ያስፈልጋል።»

ይህን ብሎ በማግስቱ አቶ ቀበሮ ዘንድ ወረደ። አቶ ቀበሮ በወንዙ ዳር የስፖርት ዕቃ መሸጫ ከፍቷል። ከዚያ በፊት ሥራው ዶሮ መጠበቅ ነበር፤ ዶሮዎቹ ሲያልቁ ንግድ ገባ። ከበሩ በላይ «ቤታችሁ ድረስ በነጻ እናደርሳለን» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። የሚያደርሰው እሱ እንዳይመስላችሁ። የምታደርሰው እመት አህዮ ናት፤ በቀን በአንድ እቅፍ ገለባ ቀጥሯታል። ጅቡ ሲገባ ጥግ ላይ ቆማ ገለባዋን ታላምጥ ነበር። ስታየው ማላመጧን አቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። ምን ልታዘዝ?» አለ ቀበሮው።

«ዳገት ላይ አህያ የሚያስይዝ ዕቃ አለህ?»

ቀበሮው ወደ አህያዋ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። አፍሮ አይደለም፤ ዋጋ ሊጠራ ነው። «ሞልቶ። እንደ ደንበኛው አቅም ነው» አለ።

አያ ጅቦ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለች ነገር ዓይኑ ገባች። «ይቺስ ምንድን ናት?»

«የመዝለያ ገመድ ናት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢዘልሉባት ትንፋሽ ታረዝማለች፣ እግር ታፈጥናለች። ቦታም አትይዝ። ዋጋዋ አንዲት አጥንት ነው።» ቀበሮው የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ሲያውቅ ደነገጠ። በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ያመልጣል። ደግነቱ ደንበኛው አያ ጅቦ ነበር።

«እኔን የሚያህል ጅብ በገመድ?» አለ ፊቱን አጨፍግጎ። «በገመድ የሚታሰር አህያ ነው። ትልቅ ነገር አምጣ።»

«አስተዋይ ደንበኛ ሲመጣ ገና ከበሩ ያስታውቃል» አለና ቀበሮው ወደ ውስጥ አስገባው። መጀመሪያ ያሳየው ተጋድመውበት ብረት የሚያነሡበትን አግዳሚ ወንበር ነበር። ጅቡ ጠጋ ብሎ፣ «ላዩ የተለበጠው በምንድን ነው?» አለ።

«በበሬ ቆዳ።»

አያ ጅቦ አሸተተው። ደግሞ አሸተተው። «ይሄን እወስዳለሁ» አለ። ለምን እንደሚያገለግል እንኳ አልጠየቀም።

ቀጥሎ ክብደቶቹ ወደተደረደሩበት ሄዱ። ትንንሾቹን በእግሩ ገፋ ገፋ እያደረገ አለፋቸውና ከጥጉ ያለውን ግዙፍ ብረት ጠቆመ። «ይሄንን ማን ነው የሚያነሣው?»

«እስካሁን ማንም አላነሣውም ጌታዬ።»

«እንግዲያው የሚበልጠው እሱ ነው። ስጠኝ።»

መጨረሻ ላይ ቀበሮው ጨርቅ ገልጦ የመሮጫ ማሽኑን አሳየው። «ይሄ ይሮጣል» አለ።

«ራሱ ነው የሚሮጠው?»

«ራሱ።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ እላዩ ላይ ይሆናሉ።»

አያ ጅቦ በዕድሜው እንዲህ ያለ መልካም ዜና ሰምቶ አያውቅም። ሩጫው ይሮጥና እሱ ይቀጥናል። «ሁለት የለህም?» አለ። ለዚህ ሁሉ ሚስቱ ለክረምት ያስቀመጠችውን ቋንጣ አንድ ሳያስቀር አመጣ። ቀበሮው ቋንጣውን ቀመስ አድርጎ የዘመኑ ጥበብ እየጨመረ መሄዱን አደነቀ።

ጅቡ ሲወጣ እመት አህዮ ወደ ቀበሮው ቀረበች። «አቶ ቀበሮ፣ ይሄ ሁሉ ዕቃ እኔን ለመብላት መሆኑን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የማደርሰውም እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ያድርስ? አትቀየሚኝ እመት አህዮ፤ ንግድ ነው። በግሌ በጣም አዝንልሻለሁ።» ጥቂት አዘነ። ከዚያ ሰማዩን አየና፣ «ብረቱን አስቀድሚ፤ ዝናቡ ሳይመጣ» አለ።

እንቢ ብትል ገለባ የለም። ስለዚህ ጫነችና ወጣች። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ በሁለተኛው ጊዜ እዚያው ጭቃው ውስጥ ሆና አለቀሰች። «የመታረጃዬን ቢላዋ በገዛ ጀርባዬ ላመላልስ?» አለች። ከዚያ ተነሥታ መንገዷን ቀጠለች። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ዕጣ የሚገጥመው አህያ ብቻ ነው።

ዕቃው ዋሻው ደጅ ሲደርስ በሩ ጠበበ። እመት ጅቢት ወጥታ አየችው፣ ባሏንም አየችው። «ከመግዛትህ በፊት ዋሻውን ለክተኸዋል?» አለችው።

«ዋሻ ይለካል እንዴ?»

እንደምንም ተገፍቶ ገባ። ዕቃው ሲገባ ልጆቹ ወጡ፤ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ አልነበረም። እመት ጅቢት ሁለት ቀን ዝናብ ላይ አደረችና በሦስተኛው ቀን ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። አያ ጅቦ ከልቡ አዘነ፤ ወዲያው ግን ለሁለተኛው ማሽን ቦታ መገኘቱ ታየውና ተጽናና።

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኛው ጅብ በሚያውቁት አገር፣ ያውም በገዛ ቤቱ፣ ቁርበት አስነጠፈ። ሲነጋ ከአግዳሚ ወንበሩ የቀረው ብረቱ ብቻ ነበር። ወደ ቀበሮው ወርዶ፣ «ዕቃህ ግሩም ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል» አለው።

«ዋናው ነገር ተጠቅመውበታል» አለ ቀበሮውና ሌላ ሸጠለት።

ግዙፉን ብረት ሰኞ ሊያነሣው ወሰነ። ሰኞ ሲደርስ ቀኑ ደመና ሆነበትና ለሚቀጥለው ሰኞ አሳደረው። የመሮጫ ማሽኑ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ አልሮጠለትም። ዋሻው ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ መብራት ገብቶበት አያውቅም። አያ ጅቦ ግን፣ «መብራት ሲመጣ እጀምራለሁ» ብሎ እላዩ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ እንዳለም ቀለሙን አየና አልወደደውም፤ በቀዩ ይለውጡልኝ አለ። ቀበሮው መለወጥ ይቻላል የሚል ነጋዴ ነው፤ የሚሸከመው እሱ አይደለምና። እመት አህዮ ቀዩን አወጣች፣ ጥቁሩን አወረደች። ቀዩ ዓይን ይወጋል ተባለ። ሌላ አውጥታ እሱንም አወረደች።

ሐምሌ እንዲህ ሆኖ አለቀ፤ ነሐሴም ተከተለ። ሥጋ ያለቀበት አያ ጅቦ በዱቤ ቀንድና ሰኮና እያኘከ የሚለወጥ ዕቃ ይመርጣል፤ አህያዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ መውደቅ ተወች። ዳገቱ መሐል ማረፍም ተወች። እሷ ግን ልብ አላለችውም፤ በየቀኑ የምታስበው መስቀል መቅረቡን ብቻ ነበር። ሌላው ቀርቶ ገለባው አፏ ላይ መረራት።

የመስቀል ማግስት አራዊቱ ሁሉ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ግንባሩን በቀይ ጨርቅ አስሮ መጣ፤ ቀበሮው ያን ጠዋት ነው የሸጠለት፣ ላብ ይመጥጣል ብሎ። የሚመጠጥ ላብ ከየት እንደሚመጣ አልተወያዩበትም። እመት አህዮ አሥር እርምጃ ፊት ቆመች።

አያ አንበሶ አገሳ፤ ተነሡ። የወንዙ ዳር ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ የተራበ ጅብ ቀላል አይደለም። አምስት እርምጃ ቀረው። ሁለት ቀረው። ጥርሱ ሲጋጭ ከጭራዋ ጫፍ ፀጉር ይዞ ቀረ። እመት አህዮ ትንፋሹ ኋላዋን ሲያሞቃት ዓይኗን ጨፈነች። አበቃልኝ አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ዳገቱ ጀመረ። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል፤ የቱ ድንጋይ እንደሚከዳ፣ የቱ እንደሚያስተማምን በጭቃ ለይቶታል። ከሐምሌ ወዲህ ይህን ዳገት ባዶ ጀርባዋን ስትወጣው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ማሽን የለ፣ ብረት የለ። ዓይኗን ስትገልጥ ግማሹን አልፋዋለች። ወደ ኋላ ብትዞር ጅቡ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተቀምጦ ጨርቁን እያስተካከለ ነበር። ዋርካው ሥር ስትደርስ በአራት እግሯ ቆማ አለቀሰች። ይህኛው ልቅሶ የደስታ ነው፤ በሕይወት አለች።

አያ ጅቦ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ቁጣ አልነበረውም፤ አቅሙ አልፈቀደም። አጠገቧ ተዘረጋና፣ «እመት አህዮ፣ በእናትሽ እውነቱን ንገሪኝ። የትኛውን ዕቃ ነው የገዛሽው?» አላት።

«እኔ ምኑን ገዛሁ? ያንተኑ ነው አያ ጅቦ። አንድም ሳይቀር። የመሮጫ ማሽኑን እንዲያውም ሰባት ጊዜ።»

ጅቡ ይህን ሲሰማ ከወደቀበት ብድግ አለ። እየተንገዳገደ፣ የሩጫውን ፍጻሜ ሊያይ ዋርካው ዘንድ ወጥቶ በነበረው በአያ አንበሶ ፊት ቀርቦ ከሰሳት። «ጌታዬ፣ ዕቃዬን ያለ ፈቃዴ ተጠቅማበታለች። እኔ እንኳ አንድ ቀን ያልነካሁትን።»

«እና ምን ትመልስልህ?»

«ጡንቻውን። ዕቃው የእኔ ከሆነ ከዕቃው የወጣውም ጡንቻ የእኔ ነው።»

አያ አንበሶ ብዙ ክስ ሰምቷል። እንዲህ ያለው ግን ገጥሞት ስለማያውቅ ጎፈሩን አከከ። «እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ። «ጡንቻህ ይመለስልህ። የቀረው እዳገቱ ላይ ነው። ዕቃህን አንድ በአንድ በጀርባህ ተሸክመህ ወደ ወንዙ አውርድ፤ መልሰህም አውጣ። ጥቂት ወር እንዲህ ብታደርግ ከመንገዱ ለቅመህ ትጨርሰዋለህ።»

አያ ጅቦ ተፈረደልኝ ብሎ መሬት ስሞ አመሰገነ። ከዚያም ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ፣ በቀጥታ ወደ አቶ ቀበሮ ሱቅ ወረደ። «ወንድሜ» አለው፣ «ከባድ ዕቃ ዳገት ለዳገት እንዳመላልስ ተፈርዶልኛል። እኔ ሳልደክም ይህን የሚሠራልኝ ማሽን አለህ?»

«ምን ዕድለኛ ነዎት ጌታዬ» አለ ቀበሮው። «ዛሬ ጠዋት ነው የገባው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ብረት የሚያጠነክረው የገዛውን ሳይሆን ያነሣውን መሆኑን ነው፤ ቤታችሁ ያለው የመሮጫ ማሽን ላይ የተሰጣውን ልብስ ሰብስባችሁ ስትጨርሱ አስቡበት።