አሥራ ሁለቱ አሮጌ ሰርቨሮች

አንዲት ሴት ነበረች። የተማሪዎች የፈተና ውጤት የሚለቀቅበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሰርቨር የሚባሉት ትልልቅ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ማስተናገድ እንደሚችሉ አስቀድማ የምታሰላው እሷ ናት። ስሟ ትርሲት ነው።

ባለፈው ዓመት ውጤት በተለቀቀ ዕለት ሰርቨሮቹ ቀጥ አሉ። ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ዋሉ፤ እናቶች እህል አልቀመሱም። ትርሲት በኀፍረት አንገቷን ደፋች። "ዘንድሮ ከተደገመ ሥራውን እለቃለሁ" ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

ለመሆኑ ስሕተቱ ምን ነበር? ማሽን አንሷቸው ነው? ሲቆጠር አርባ ነው። ግን የአንዱ ፕሮሰሰር፣ ማሰቢያው ማለት ነው፣ የዘንድሮ ነው፣ የሌላው የዛሬ ስምንት ዓመት። ደግሞ እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ማሽኑን የሚለካው በጠዋት ነው፤ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ቀላል ሥራ ሰጥቶ። እንዲህ ከተለካማ ጎበዝ ያልሆነ ማን አለ?

ትርሲት አንድ ፈተና አዘጋጀች። ለሁሉም ያው ሥራ፣ ለሁሉም ያው ጫና። አንዱን አዲስ ሰርቨር "አንድ" ብላ ያዘችና የቀሩትን በእሱ ለካቻቸው።

ከመካከላቸው አሥራ ሁለቱ ሥራ የጀመረች ሰሞን በገዛ እጇ የተከለቻቸው ናቸው። ትሳሳላቸዋለች። ተለኩ። አሥራ ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሆኑ። ደግማ ለካች፤ ያው ሦስት።

አለቃዋ ጋሽ ዘነበ አዩዋት። "ትርሲትዬ፣ እነዚህ እኮ የአንቺው ናቸው። ቀለል ባለ ሥራ ብትለኪያቸውስ? ማን ያይሻል?"

"ጋሼ፣ ያን ቀን ውጤት ሊያይ የሚገባው ሕዝብ ይቀልላቸዋል?"

አለች ትርሲት። እሷም "ሦስት" ብላ ጻፈች። ሁሉም ተለክቶ ሲያበቃ አርባ የተባለው ሃያ ሁለት ሆነ። የጎደለው ታወቀ፣ ተጠየቀ፣ መጣ። ለእያንዳንዱም እንደ አቅሙ ሥራ ተደለደለለት።

ቀኑ ደረሰ። ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። አምና ቀድመው የወደቁት፣ ከአቅማቸው በላይ የተጫኑት እነዚያ አሥራ ሁለቱ ነበሩ። ዘንድሮስ? ጥቂቷን ድርሻቸውን ይዘው እስከ ማታ ሠሩ። አንድም አልወደቀም። ትርሲት ፊታቸው ቆማ ኮራች፤ ሲተከሉ ከኮራችው በላይ ኮራች።

ወገኖቼ፣ እናንተ ትዕግሥታችሁን የምትለኩት መቼ ነው? እሑድ ጠዋት አይደለም? እዚህ ተቀምጣችሁ፣ ማንም ሳይነካችሁ። የሚስታችሁን ትዕግሥትስ? ውኃ በጠፋበት፣ ልጅ በሚነጫነጭበት ሰዓት! የራሳችሁን በቀላሉ፣ የእሷን በከባዱ። ይህ ልክ ነው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ መለኪያ ያዙ። ለእናንተም ያው፣ ለእሷም ያው፣ ለጎረቤትም ያው። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉት። እግዚአብሔር ልካችንን ያውቃል፣ በልካችን ይጭንብናል። የሌለ ጉልበት ቆጥረን፣ "ጨምርብኝ" ብለን የምንወድቀው እኛ ነን።

እኔም ትናንት ራሴን ለካሁ። አሥራ ሁለት ነው ስል የኖርኩት ሦስት ሆነ። ግን የማይወድቅ ሦስት ነውና አላፈርኩበትም። የእናንተስ ስንት ነው?