ሲፓራና የሚንገዳገደው በርጩማ

ተረቴ መጣች፣ ወንበር አምጡላት። ወንበር የለም? በርጩማም ይበቃታል። በርጩማውም ይንገዳገዳል? እንግዲያው ቆማ ታውራ፤ የመጣችውም ስለዚሁ በርጩማ ነው።

ከወንዙ ማዶ አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበረ። እዚያ ሲፓራ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አጭር ናት። ምን ያህል አጭር? ዝናብ ሲዘንብ እሷ ዘንድ የሚደርሰው፣ ሌላው ልጅ ልብሱን ካደረቀ በኋላ ነው። ከዋሸሁ ፂሜ ይርገፍ፤ ደግነቱ ዛሬ ጠዋት ተላጭቻለሁ።

ዓምና በወላጆች ቀን ሲፓራ መጽሐፍ ቅዱስ አነበበች። አትሮንሱ ግን ጋረዳት። ሕዝቡ ድምፅ ሰማ፣ ሰው አላየም። አንድ ሽማግሌ «ዘንድሮ ደግሞ አትሮንሱ ራሱ ማንበብ ጀመረ» አሉ። ሳቁ ጣራውን አንስቶ ጎረቤት ግቢ አሳረፈው። ያልሳቀችው እናቷ ብቻ ነበረች። ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ መጥታ፣ የልጇን ፊት ሳታይ ተመለሰች። ዘንድሮ የወላጆች ቀን እሑድ ይውላል፤ ንባቡም እንደገና ለሲፓራ ደረሳት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትቆምበት በርጩማ።

የእጅ ሥራ መምህሩ ቲቸር ባሮክ «ሣሉት፣ ለኩት፣ ሥሩት፣ ሞክሩት» አለ። ሲፓራ ሣለችው። ክፍሉ ለአራት ቡድን ተከፈለ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ እግር፣ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ስንዝር ቁመት። ጸሎት ተደረገ፣ ሥራ ተጀመረ። የማን ስንዝር? እሱን የጠየቀ የለም። አራተኛውን እግር የለካው ሳምሶን ነበር፤ መዳፉን ሲዘረጋ ጥቁር ሰሌዳውን የሚሸፍን ልጅ።

ዓርብ ዕለት እግሮቹ መቀመጫው ላይ በምስማር ተመቱ። ሲፓራ ወጣችበት። በርጩማው ተንገዳገደ። ሲፓራ ወረደች፣ ያውም በአፍንጫዋ።

«ቀጥ ብለህ ቁምልኝ እንጂ፣ እሑድ እኮ ደረሰ» አለችው።

«አልቆምም» አለ በርጩማው። «አንዱ እግሬ ረዝሞ እንዴት ልቁም? አስቆርጪልኝ።»

ቲቸር ባሮክን አየችው። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። «እኔ አልነካውም፣ ሲፓራ። የነደፈው ያርመዋል። ሕጋችን ነው።»

ወደ መጋዙ ሄደች። «ጋሽ መጋዝ፣ እግሩን ይቁረጡልኝ።»

«አልቆርጥም፣ ልጄ። ባለፈው ከነምስማሩ እንጨት አስበላችሁኝ፤ ጥርሴ አለቀ። በድዴ ልቁረጠው? አስሞርጂኝ።»

መጋዙ እግሩን አልቆርጥም አለ፣ በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለ፣ ሲፓራም ከአትሮንሱ ጀርባ ቀረች።

ወደ ሞረዱ ሄደች። «ወንድሜ ሞረድ፣ መጋዙን ሞርድልኝ።»

«አልሞርድም» አለ ሞረዱ። «እጀታዬ ወልቆ ጠፍቷል። በባዶ ጭራዬ ብትይዢኝ መዳፍሽን እወጋለሁ፤ ከዚያ ቲቸር ሳጥን ውስጥ ይቆልፍብኛል። ከወይራ እጀታ አምጪልኝ።»

ሞረዱ መጋዙን አልሞርድም አለ፣ መጋዙ እግሩን አልቆርጥም አለ፣ በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለ፣ ሲፓራም ከአትሮንሱ ጀርባ ቀረች።

በግቢው ጥግ አንድ ወይራ አለ። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ «እኔ ገና ልጅ ነኝ» ብሎ ያመለጠ ነው ይባላል። የሚለው ሰው እኔ ነኝ።

«አባባ ወይራ፣ ለሞረዱ እጀታ የምትሆን ቅርንጫፍ ይስጡኝ።»

«አልሰጥም» አለ ወይራው። «የዘበኛው ፍየል ቅርፊቴን ግጣ እርቃኔን አስቀረችኝ። ይኸው በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ጭራሽ ክንድህን አምጣ ትይኛለሽ? መጀመሪያ እሷን አስጥዪኝ።»

ወይራው እጀታ አልሰጥም አለ፣ ሞረዱ መጋዙን አልሞርድም አለ፣ መጋዙ እግሩን አልቆርጥም አለ፣ በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለ፣ ሲፓራም ከአትሮንሱ ጀርባ ቀረች።

«አንቺ ፍየል፣ ወይራውን ተዪው» አለች ሲፓራ።

«አልተውም» አለች ፍየሏ፣ አፏን እንደሞላች። «ድሮ የድንች ልጣጭ ነበር ምሳዬ። አሁን እትዬ አስካለ ነፈጉኝ። እናንተ ጾም ትላላችሁ፤ እኔ አልተማርኩም።»

ፍየሏ ወይራውን አልተውም አለች፣ ወይራው እጀታ አልሰጥም አለ፣ ሞረዱ መጋዙን አልሞርድም አለ፣ መጋዙ እግሩን አልቆርጥም አለ፣ በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለ፣ ሲፓራም ከአትሮንሱ ጀርባ ቀረች። ቆዩ፣ ትንፋሽ ላግኝ። እሺ።

እትዬ አስካለ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ናቸው። ሲፓራ ስትገባ ቆመው ድስት ያማስላሉ፤ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ለፍየሏ ልጣጭ ይስጧት።»

«ከየት አምጥቼ? ድንች መላጥ ትቻለሁ። ከነልጣጩ ነው የምቀቅለው።»

«እኛም ጥርሳችን ውስጥ አፈር እያገኘን ነው» አለች ሲፓራ።

«ብሉት፣ ከአፈር ነው የተሠራችሁ። ይልቅ እኔን ስሚኝ። ይህን ሁሉ ድንች ቆሜ ስልጥ ወገቤ ተቆረጠ። መቀመጫ ካላገኘሁ አልልጥም።»

እትዬ አስካለ ድንች አልልጥም አሉ፣ ፍየሏ ወይራውን አልተውም አለች፣ ወይራው እጀታ አልሰጥም አለ፣ ሞረዱ መጋዙን አልሞርድም አለ፣ መጋዙ እግሩን አልቆርጥም አለ፣ በርጩማው ቀጥ ብዬ አልቆምም አለ፣ ሲፓራም…

የሲፓራ ጆሮ አንድ ቃል ያዘ። መቀመጫ። በርጩማዋን አሰበችው። በእርሳስ የሣለችው እሷ ናት፤ ጣቷ እስኪላጥ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰችው እሷ ናት። ለራሷ ልታስቀረው፣ ቤት ወስዳ የአልጋዋ ራስጌ ልታደርገው አስባ ነበር።

«እሑድ አንብቤ እንደጨረስኩ» አለች ቀስ ብላ፣ «በርጩማው የእርስዎ ነው።»

እትዬ አስካለ ሳቁ። «ዓምናም ስምንተኛ ክፍሎች መደርደሪያ እንሠራልዎታለን ብለውኝ ነበር። ይኸው እነሱ ሁለተኛ ደረጃ ገቡ፣ ድስቴ መሬት ላይ ነው። ዋስ ጥሪ።»

«ዋሴ የማነበው ንባብ ነው። ቃል ሰጥቶ ስለማያጥፍ ሰው ነው የሚናገረው። በርጩማውን ብከለክልዎ፣ እናቴ ፊት ያነበብኩት ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።»

እትዬ አስካለ ማማሰያውን አስቀመጡ። ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ብዙም ጊዜ አልወሰደም። «ነይ በይ፣ ያን ባልዲ ድፊልኝ። ለዛሬ እሱ ላይ እቀመጣለሁ።»

እንግዲህ ያዙኝ። እትዬ አስካለ ተቀምጠው ድንቹን ላጡ፣ ፍየሏ ወደ ልጣጩ ሮጠች፣ ወይራው እፎይ ብሎ ቅርንጫፍ ጣለ፣ ቅርንጫፉ ለሞረዱ እጀታ ሆነ፣ ሞረዱ መጋዙን ሞረደ፣ መጋዙ… እዚህ ላይ ሲፓራ «አንዴ ቆይ» አለች። ማስመሪያ አመጣች። አራቱንም እግሮች በአንድ ማስመሪያ ለካች፣ የረዘመው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገች። መጋዙ እግሩን ቆረጠ፣ በርጩማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳምሶን ራሱ ወጥቶ ዘለለበት፤ አገር ተንቀጠቀጠ፣ በርጩማው አልተነቃነቀም።

«አሁን ተሠራ» አለ ቲቸር ባሮክ፣ የተጣመሩ እጆቹንም ፈታ። የተቆረጠችውን ቁራጭ ግድግዳው ላይ ሰቀላት። «የሳምሶን ስንዝር» ትባላለች፤ ከዚያ ወዲህ በእጁ የለካ የለም።

እሑድ ሲፓራ በርጩማው ላይ ወጣች። ከአትሮንሱ በላይ መጀመሪያ ግንባር ታየ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ትንሽ ያበጠ ነው፣ ከዚያ መላ ሲፓራ። እኚያ ሽማግሌ «ለካ ሰው ነበረች» አሉ። እናቷ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች፤ ንባቡ እስኪያልቅ አልተቀመጠችም።

ሲያልቅ ሲፓራ በርጩማውን ታቅፋ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። እናቷም ተከተለቻት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መጀመሪያ በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ሞከሩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እፎይ» አሉ።

ያቺ እፎይታ ወንዙን ተሻግራ እኔ ቤት ድረስ ተሰማች። ተረቴም ሰምታ እግሯን ዘረጋች። እሷ ከተቀመጠች እንግዲህ እናንተ ተነሡ፤ ድንቹ በስሏል፣ ያውም ተልጦ።