ፋሲካ የሌላት ጃርት

ተረት ተረት! የላም በረት ያለው «አለሁ» ይበል፤ ላም የሌለውም ይቀመጥ፣ ለጆሮ በረት አያስፈልገውም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ገደል ሥር ባለ ጫካ ውስጥ፣ እመት ጃርት የምትባል ጨዋታ ወዳድ ነበረች። ማኅበር አያመልጣትም፣ ከትሪው ዳር አትጠፋም። ኋላ ግን ሆዷ ታመመ። የበላችው ሁሉ አንጀቷን እንደ ምላጭ ይቆርጣት ጀመር። ከእሾኋ ሥር ሰውነቷ አለቀ፤ ከላይ ለሚያያት ግን ያው ድብልብል ነበረች።

መድኃኒት አዋቂው አባ ኤሊ ሆዷን ዳበሰ። አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ሰብስቦ ብዙ አሰበ።

«ከእንግዲህ የተቀቀለ ዱባና ውኃ ብቻ» አላት። «ገብስ የለም፣ ባቄላ የለም፣ ቅቤ የለም፣ በርበሬ የለም።»

«እስከ መቼ፣ አባ?»

«መቼ የሚባል የለውም። አይድንም፤ አብሮሽ ይኖራል።»

ሆዷም ከውስጥ ሆኖ፣ «እኔ እሳት ነኝ፤ ማገዶው በእጅሽ ነው» አላት።

ማኅበሩ በአያ ከርከሮ ቤት ዋለ። ባቄላው ተቆልቷል፣ የገብስ ጠላው ተቀድቷል።

«አሞኛል፣ አልበላም» አለች ጃርት።

«እንዲህ ድብልብል ብለሽ!» ብሎ ሳቀ ከርከሮ። «ቤቴን ንቀሽ ነው እንጂ። በሞቴ! አፈር ስሆን!»

አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ሆዷ ነደደ። ከጉድጓዷ ሳትወጣ ሰነበተች።

«እኔ እሳት ነኝ፤ ማገዶው በእጅሽ ነው።»

ሁዳዴ ያዘ። ማኅበሩ በእመት ጉሬዛ ቤት ዋለ። ሽሮው ተንተከተከ። ጉሬዛ ጉርሻዋን አድቦልቡላ «በሞቴ» ልትል ስትል፣ ጃርት ቀደመቻት።

«በዘንድሮው ጾም ከዱባና ከውኃ በቀር ላልቀምስ ተስያለሁ።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

«እሰይ!» አለች ጉሬዛ። «እባክሽ ለእኛም ጸልዪልን።»

«እንዲህ ያለችውን ጻድቅ ነው ባቄላ ያጎረስኩት?» ብሎ ከርከሮ ጉልበቷን ሳመ።

ለበሽታዋ ያልተነሣ ሁሉ ለስለቷ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። ያንን ሰሞን ጃርት ዱባዋን ከትሪው ዳር እየበላች፣ በወዳጆቿ መሀል ኖረች። ሆዷም ዝም አለ። «እንዲህስ ከሆነ ይኖራል» አለች ለራሷ።

ጾም ግን ፋሲካ አለው።

የፋሲካ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ማኅበርተኛው ሁሉ በጃርት ደጅ ተሰበሰበ። ከፊት የመጣችው አብሮ አደጓ ሚዳቋ ነበረች፤ ቅቤ የጠገበ የገብስ ገንፎ ይዛለች።

«እቴ፣ ከጾም ስትወጪ ሆድሽ እንዳይደነግጥ ብዬ አለስልሼ አገነፋሁልሽ» አለቻት። «በሞቴ!»

ለሚዳቋ መዋሸት አቃታት።

«ሚዳቋዬ፣ ጾም አልነበረም። በሽታ ነው። የእኔው ፋሲካ የለውም።»

ከርከሮ ፈነዳ። «ታዲያ በስለት ስታላግጪብን ከረምሽ? ጉልበትሽን እስክስም!»

ሚዳቋ ግን እንባ በዓይኗ ሞልቶ ጉርሻውን አቀረበች። «አንዲት ጉርሻ ማንን ገደለች? ለእኔ ስትይ።»

ጃርት ልትጎርስ ፈለገች። እግዜር ያውቃል፣ ፈለገች። ግን ፈራች፤ ጃርት ስትፈራ ደግሞ እሾኋ ሳታዝዘው ይቆማል። ሚዳቋ እጇን ተወጋች። ገንፎው መሬት ወደቀ።

«አወቅሁሽ» አለች ሚዳቋ፣ ደሟን እየላሰች። ፊቷን አዙራ ሄደች። ማኅበርተኞቹም ተከትለዋት ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ በጃርት ደጅ ያልፋል እንጂ አይገባም። ጃርት ለብቻዋ ቀቅላ፣ ለብቻዋ ቆርሳ፣ ለብቻዋ ጎርሳ ረጅም ዕድሜ ኖረች። ሆዷ «ተሻለሽ አይደል?» ሲላት፣ «ተሻለኝ» ትለዋለች፤ ሌላ የሚያናግራት የለማ።

ለጾመኛ ቦታ ይለቀቃል፤ ከበሽተኛ ፊት ይዞራል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ።